ያውቁ ኖሯል? «ስልኬ ጠፋ» ስንል

አማርኛችን «ጠፋ» በሚለው ቃል ብዙ ሥራ ያሠራል። መብራት ይጠፋል፣ በግ ይጠፋል፣ ሰውም ለወራት ካልታየ «ምነው ጠፋህ?» ይባላል። ስልክ ግን በሁለት መንገድ ይጠፋል። ባትሪው አልቆ ወይም ተዘግቶ ይጠፋል፤ ከኪስ ወድቆ ወይም ተሰርቆም ይጠፋል። የዛሬው ዓምድ ሁለቱ መጥፋቶች በአንድ ቀን ሲገጣጠሙ ስለሚሆነው ነው። ዳታ የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ አንዳንዴ ባትሪም የለም። ቦታችን አዊ ነው፤ ከእንጅባራ ተነሥተን ዳንግላ ደርሰን እንመለሳለን።

ያውቁ ኖሯል? ስልክ ያለበትን ቦታ ማወቁና ያለበትን ቦታ ለሌላ መናገሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለማወቅ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ለመናገር ግን አፍ ያስፈልገዋል። «ኔት ካጠፋሁ ማንም አያገኘኝም» የሚል አንድ ወዳጅ፣ «ሳተላይት ሁሉን ያያል» የሚል ሌላ ወዳጅ ካለዎት ሁለቱም ተሳስተዋል።

ከሁለተኛው እንጀምር። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ስልክዎን አያዩትም፤ መኖሩንም አያውቁም። እያንዳንዳቸው ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሲዞሩ ሌት ተቀን የሚለፍፉት አንድ ነገር ነው፦ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ጋ ነው፣ ሰዓቱ ይኸውና»። ስልክዎ ይሰማል እንጂ አይመልስም። ሬዲዮ ጣቢያ ማን እንደሚያዳምጠው እንደማያውቅ ሁሉ ሳተላይቱም እንጅባራ ላይ ማን ስልኩን ከፍቶ እንደቆመ አያውቅም። መልእክቱ ምድር እስኪደርስ 0.07 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስልኩ ይህችን መዘግየት ለክቶ «ከዚያኛው ሳተላይት ይህን ያህል እርቃለሁ» ይላል፤ ከሌሎቹም እንዲሁ። ርቀቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ እርስዎ የቆሙበት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሲም ካርድ የለም፣ ካርድ አይቆጠርም፣ ዳታ አይበላም።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ «አሁን ሁላችንም ታየን» ያለ ሰው አልጠፋም ነበር። ሥራዋ የመሬት ምስል ማንሣት ነበር፤ የእርሻና የደን። የምስሏ አንድ ነጥብ ከአሥር ሜትር በላይ ስለነበር ስልክ ቀርቶ ጎጆም ለይታ ለማየት ትቸገር ነበር።

ለምን አራት ሳተላይት ያስፈልጋል? ሦስት ርቀት ይበቃ ነበር፤ ችግሩ የስልክዎ ሰዓት ርካሽ መሆኑ ነው። የአንድ ማይክሮ ሰከንድ ስህተት ቦታውን 300 ሜትር ያሳስታል። አራተኛው ሳተላይት ይህን የኪስ ሰዓት የሚያርም ነው። ሳተላይቶቹ ራሳቸው የተሸከሙት የአቶም ሰዓት ነው፤ እሱም ቢሆን አንስታይን ባይታሰብለት ኖሮ ጉድ ይሠራ ነበር። በዚያ ከፍታና በዚያ ፍጥነት ሰዓቱ ከምድሩ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል። ሳይታረም ቢተው ስህተቱ በየቀኑ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ እየጨመረ ይሄዳል፤ በሦስተኛው ቀን እንጅባራ የቆመውን ሰው «ዳንግላ ደርሰሃል» ሊለው ነው። የአውቶቡስ ትኬት የሚያስቀር ቴክኖሎጂ በሆነ!

ዝናብ ጂፒኤስን አያግደውም። ይህን የምለው ለእንጅባራ ሰው ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፦ ዝናብም ደመናም አያግደውም፤ የሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ ሁለቱንም ከቁብ ሳይቆጥር ያልፋል። የሚያግደው ቆርቆሮ ነው። ሳተላይቱ የሚልከው ኃይል ከአንድ የቤት አምፖል ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ ደክሟል፤ ቆርቆሮ ጣራ ሲገጥመው ይመለሳል። በዚህ ጉዳይ የሣር ክዳን ጎጆ ከቆርቆሮ ቤት ይበልጣል። ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ሞክሮ «ያለ ኔት አይሠራም» ብሎ የሚደመድመው ጥፋቱ የጣራው ሆኖ ሳለ ነው።

ሌላው የተለመደ የተሳሳተ ድምዳሜ ከትዕግሥት ማጣት ይመጣል። ዳታ ሲኖር ስልክዎ ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ ከኢንተርኔት ቀድሞ ይጠይቃል፤ ካርታው ላይ ሰማያዊዋ ነጥብ በሰከንዶች ብቅ የምትለው ለዚህ ነው። ዳታ ከሌለ ግን መረጃውን ከራሱ ከሳተላይቱ መቅዳት አለበት። የሳተላይቱ ንግግር ደግሞ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው፤ ዛሬ ከምናውቀው ማንኛውም ነገር የዘገየ። የአንዱን ሳተላይት ዝርዝር ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ የሁሉንም አጠቃላይ መዝገብ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስልክዎ ለቀናት ተዘግቶ ከቆየና ኔት ከሌለ ሜዳ ላይ ወጥተው ሰማይ እያሳዩት ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት። ፋግታ ለኮማ አካባቢ በዲከረንስ ደን መሃል ከሆኑ ደግሞ ወደ ገላጣው ወጣ ይበሉ፤ በተለይ ቅጠሉ ዝናብ ከጠገበ።

«ኤርፕሌን ሞድ» ላይ አድርጎ ጂፒኤስ ይሠራል? አዎ፣ በዛሬዎቹ ስልኮች ይሠራል። መስማት እንጂ መናገር አይደለምና የተከለከለው።

ያውቁ ኖሯል? የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ይህ ለካርታ ብቻ የሚሆን ወሬ አይደለም። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ አዮኖስፌር የሚባለውን በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ሽፋን ማቋረጥ አለበት፤ በመግነጢሳዊው ወገብ አካባቢ ያ ሽፋን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይታመሳል። በተለይ መስከረምና መጋቢት አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ምሽት ላይ ምልክቱ ሊርገበገብና ሊዛባ ይችላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተባለ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለው፤ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ይህን ሰማይ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ አሜሪካ የሲቪሉን ጂፒኤስ ሆን ብላ ታዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ማዛባቱ ሲቆም በዓለም ያለ መቀበያ ሁሉ በአንድ ሌሊት ዓይኑ በራ። ዛሬ ሜዳ ላይ የቆመ ተራ ስልክ 5 ሜትር ያህል ይሳሳታል፤ እንጅባራ ውስጥ የትኛው ግቢ ብቻ ሳይሆን የግቢው የትኛው ማዕዘን እስከማለት ይጠጋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ያለ ኔትወርክ ቦታን ማወቅ በዚህ አገር አዲስ አይደለምና። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ ኳድራንት የተባለ መለኪያ አስጭኖ ነበር፤ የከዋክብትን ከፍታ እየለካ ቦታው ከ11 ዲግሪ ሰሜን ጥቂት ዝቅ ያለ መሆኑን አወጣ። እንጅባራም ያለችው በዚያው መስመር ላይ ነው፤ ወደ ምዕራብ ብቻ ፈቀቅ ይበሉ። ከዚያ 155 ዓመት ቆይቶ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ መጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 መቀመጫው ዳንግላ ነበር። የቆንስል ወረቀት ሲሰለቸው፣ ወይም እሱ ባይሰለቸውም፣ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ እየዞረ ካርታ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1936ም በመጽሐፍ አሳተመው። ሁለቱም የገጠማቸው ችግር ዛሬ ስልካችን የገጠመው ነው። ወደ ሰሜን ስንት እንደሆኑ ኮከብ ይነግራል፤ ወደ ምሥራቅ ስንት እንደሆኑ ግን የሚነግረው ትክክለኛ ሰዓት ነው። እነሱ ሰዓቱን በበቅሎ ጫኑ፣ እኛ ሰማይ ላይ ሰቀልነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ያን ጊዜ በቴሌግራም «ሎኬሽን ላክልኝ» የሚባል ነገር ቆመ። የሚገርመው ግን ካርታ ቀድሞ ያወረደ ሰው ነጥቧ አልጠፋችበትም። እንደ ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉ መተግበሪያዎች መንገዱን ሁሉ ስልኩ ላይ አስቀምጠው ያለ ኔት ይሠራሉ፤ ጎግል ማፕስም አንድን አካባቢ ቆርጦ ማስቀመጥ ያስችላል። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚወርድ ሾፌር ታወር ባይኖርም ጠመዝማዛው የት እንደሚያልቅ ያያል። ስልኩ ማወቁን አልተወም፤ የተዘጋው አፉ ነው።

አፍ ሲዘጋ ግን ሹክ ማለት አለ፦ ኤስኤምኤስ። የጽሑፍ መልእክት በዳታ መንገድ አይሄድም፤ ስልክና ታወር እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ቀጭን መስመር ላይ ተፈናጥጦ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዳታ በሌለበት ጥሪ ካለ ብዙውን ጊዜ መልእክትም አለ። (ሁልጊዜ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተዘጋው ኤስኤምኤስ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሚሊኒየሙ ሲጠባ ነው።) ካርታው ላይ ጣትዎን ነጥቧ ላይ ሲያቆዩ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። ለእንጅባራ 10.95 እና 36.93 አካባቢ፣ ለዳንግላ 11.27 እና 36.83 አካባቢ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በመልእክት የተቀበለ ሰው የትም ሆኖ ቦታውን ያገኛል። ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች ግን አይቁረጧቸው፦ ሁለት አኃዝ ብቻ ከላኩ በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ልክ ነግረዋል፤ አምስት ከላኩ በአንድ ሜትር ልክ ነግረዋል።

እግረ መንገድዎን፦ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው። በላቲን ሲጻፍ 160። መልእክቱ በሁለቱም 140 ባይት ነው፤ የኛ ፊደል ሰፊ መቀመጫ ስለሚይዝ ነው። «አስቸኳይ፣ ዱካው ላይ ነኝ፣ ቶሎ ኑ» ለማለት ግን 70 ይበቃል።

አሁን ወደ ታወሩ። ስልክዎ ኢንተርኔት ባይከፍትም ታወር ካለ የቴሌው መረብ በግምት ያውቅዎታል፤ አለበለዚያ ጥሪ ሊያደርስልዎት አይችልም። ጥሪ ሲመጣ በአካባቢው ያሉ ታወሮች ሁሉ ስልክዎን በአንድ ጊዜ ይጣራሉ፣ ገበያ መሃል ልጇ የጠፋባት እናት እንደምትጣራው፤ ስልኩ «አቤት» ሲል ከየትኛው ታወር ሥር እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ በላይ ማወቅ ከተፈለገ የርቀት ልኬት አለ፦ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ታወሩ የስልክዎን ርቀት በ550 ሜትር እርከን ይቆጥራል። እርከኖቹ 63 ሲደርሱ ያበቃል፤ ይህም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በአሞራ መንገድ ያለው ርቀት ከዚህ ጥቂት ነው የሚበልጠው።

እዚህ ላይ የከተማና የገጠር ልዩነት ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ታወር በየሰፈሩ ስለሆነ ግምቱ የጥቂት መቶ ሜትሮች ጉዳይ ነው። ታወር በተራራ ላይ አንድ ብቻ በሚቆምበት ቀበሌ ግን «በዚህ አቅጣጫ፣ ከዚህ እስከዚህ ርቀት» ተብሎ የሚሰጠው መልስ ብዙ ማሳና ብዙ ደጅ ይዟል። ፊልም ላይ ኮምፒውተር ተከፍቶ ቀይ ነጥብ ቤቱ ላይ የሚያርፈው ፊልም ስለሆነ ነው።

ባለ ቁልፏን ቀፎ አይናቋት። ጂፒኤስ የላትም፤ የት እንዳለች ራሷ አታውቅም። ታወሩ ግን ያውቃታል። ዘመናዊው ስልክ ያለ ኔትወርክ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ እሱ ራሱን ያውቃል፣ ሌላ ማንም አያውቀውም።

ያውቁ ኖሯል? ስልክዎን በሥርዓቱ ሲዘጉት ለታወሩ ተሰናብቶ ነው የሚሄደው። «ወጥቻለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይልካል። ባትሪው ተነቅሎ ወይም ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ግን ሳይሰናበት የሄደ እንግዳ ነው፤ መረቡ እስኪያውቅ ድረስ አለ ብሎ ሲጠብቀው ይቆያል።

ድሮ «የት ነህ?» የሚባል ጥያቄ በስልክ አልነበረም። የቁጥሩ መነሻ አካባቢውን ይናገር ነበር፤ ስልኩም ጠረጴዛ ላይ በገመድ ታስሯል። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባና 09 መጣ፣ ኋላም 07 ተጨመረ። ከሰላምታ ቀጥሎ «የት ነህ?» ማለት ከዚያ ወዲህ የመጣ ባህል ነው።

ወደ ዋናው ብልሃት ደረስን። ስልኩ ተሰርቋል፣ ሲሙ ተጥሏል፣ ዳታ የለም። ታዲያ አፕል እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሳምሰንግ በ2020፣ ጎግል በ2024 ያመጡት ዘዴ ምንድን ነው? ጎረቤት ነው። የጠፋው ስልክ በብሉቱዝ ደካማ ድምፅ በየጊዜው የሚለዋወጥ ስውር ቁጥር ያሰማል። በአጠገቡ የሚያልፍ ሌላ ሰው ስልክ ይሰማዋል፤ የራሱን የጂፒኤስ ቦታ ከዚያ ቁጥር ጋር በቁልፍ ቆልፎ፣ ኔት ሲያገኝ ይልከዋል። ቁልፉን መፍታት የሚችለው የጠፋበት ሰው ብቻ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ምን እንደተሸከመ አያውቅም፣ ኩባንያው ራሱ የማን ስልክ የት እንደሆነ አያነብበውም። የኔ ስልክ መናገር ባይችል ያንተ ስልክ ይናገርልኛል፣ ነው ነገሩ።



ይህ ብልሃት ግን ሰው ይፈልጋል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር እንጅባራን ያስቡት፦ በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሶች፣ ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ፣ ሁሉም ስልኩን ለቪዲዮ አውጥቶ። እንዲህ ያለ ቀን ሜዳ ላይ የወደቀ ስልክ በደቂቃ ብዙ ጆሮ ያገኛል። (ፈረስ ካልረገጠው።) በማግስቱ ያው ሜዳ ጭር ሲል ጆሮውም አብሮ ይሄዳል። በአንድሮይድ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ከተገዛ ጀምሮ ማስተካከያው ያልተነካ ስልክ የሚተባበረው ሰው በሚበዛበት ቦታ ብቻ ነው፤ አንድን የጠፋ ስልክ ብዙ ስልኮች ካልሰሙት ቦታው አይነገርም። ይህም የተደረገው ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት እንዳይጋለጥ ነው። ለዳንግላ ገበያ ይበቃል፤ ለአንድ ገበሬ ማሳ አይበቃም። «ፋይንድ ሀብ» በሚለው የጎግል ማስተካከያ ገብተው «በሁሉም ቦታ» የሚለውን ቢመርጡ በእግር መንገድ የወደቀውንም የመርዳት ዕድልዎ ይጨምራል። እኔ እንደሆንኩ መርጫለሁ።

በዚያ የ2015 ክረምት ይህ ዘዴ በክልሉ ቢሞከር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የሰማ ሁሉ ዳታ የለውም። ሺህ ጆሮ፣ አንድም አፍ የለም።

ተዘግቶም የሚናገር ስልክ አለ። ከአይፎን 11 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ አይፎኖች፣ ከጎግል ፒክስል ደግሞ 8ኛውና ተከታዮቹ፣ ሲዘጉ ወይም ባትሪያቸው አለቀ ሲባል ጥቂት ኃይል ለብሉቱዙ አስቀርተው ለተወሰነ ሰዓት ይጣራሉ። «አለቀ» ማለት ሙሉ በሙሉ አለቀ ማለት እንዳልሆነ የመኪናውን ነዳጅ መለኪያ የሚያውቅ ሾፌር ይገባዋል።

ስልክዎ ሳይጠፋ *#06# ይደውሉ። 15 አኃዝ ይወጣል፤ የቀፎው መታወቂያ ነው፣ የመጨረሻው አኃዝ ሌሎቹ በትክክል መጻፋቸውን ማረጋገጫ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ያወቀው ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀፎ ምዝገባ ሲጀምር ነው። ሌባ ሲም ቢቀይርም ቀፎው ታወር ፊት ሲቀርብ የሚያሳየው ይህንኑ መታወቂያ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ የሚጠየቁትም እሱን ነው፤ ስልኩ ከጠፋ በኋላ ደግሞ *#06# የሚደወልበት ስልክ የለም። አሁኑኑ ወረቀት ላይ፣ ወይም የካርቶኑ ጀርባ ላይ ይጻፉት።

የመጨረሻው፦ ከእንጅባራ አቅራቢያ ያለው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይባላል። የጂፒኤስም የብሉቱዝም የታወርም ሞገድ ውኃ ውስጥ ብዙም አይዘልቅም። ፎቶ ሲያነሡ ከእጅዎ አምልጦ ዘንገና የገባ ስልክ በሁለቱም ትርጉም ጠፍቷል።